የመርዶ መንገድና የፌስቡክ ልቃቂት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ያስረከብሁት ንብረት ሦስት ነው፤ ባትሪው የሞተ የድምፅ ማጉያ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ የመሥሪያ ቤት ስልክና የፌስቡክ ገጻችን የይለፍ ቃል። የንብረት ክፍሉ ሰው ማጉያውንና ስልኩን ቅጹ ላይ ሞላና የይለፍ ቃሉ ጋ ሲደርስ ብዕሩን አቆመ።

«ሲስተር፣ ይህ አላቂ ዕቃ ነው ቋሚ ዕቃ?»

«አላቂዋስ እኔ ነኝ፣ እሱማ ቋሚ ነው» አልሁት። ተሳሳቅንና ፈረምን።

አራተኛ ነገር ነበረኝ፤ እሱን አላስረከብሁም። ሌባ በሉኝ! ከመድኃኒት ካርቶን የተቆረጠ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ በነጥብና በመስመር የተሞላ ቁራጭ ነው። አሁንም እየጻፍሁ ቀና ስል ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ አየዋለሁ። ባልደረቦቼ «የሥራ ዘመንሽን ጻፊው እንጂ» እያሉ ሲጨቀጭቁኝ፣ ከየት ልጀምር ብዬ አልተጨነቅሁም። ከካርቶኑ ነው የምጀምረው።

ወረታ ከተማ፣ ጤና ጽሕፈት ቤት የመጣሁት ከነርስ ትምህርት ቤት በወጣሁ በወሩ ነው። የተቀጠርሁት መርፌ ልወጋ ነበር፤ ነገር ግን አፌ ከእጄ ይፈጥን ስለነበር ሕዝብ ማስተማሩ ላይ መደቡኝ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ዘለቀ ይባሉ ነበር። የይፋግ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ። ቁጣቸውም ፍቅራቸውም በዚያች ጃንጥላ ነበር የሚታየው፤ ሲናደዱ መሬት ይቆረቁሩባታል፣ ሲወዱሽ ዘርግተው ያስጠልሉሻል።

የመጀመሪያ ሥራዬ የይፋግ ገበያ ላይ የክትባት ቅስቀሳ ነበር። እኔ ማጉያውን አንግቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ገበያውን ላናውጠው ተዘጋጅቻለሁ። ጋሽ ዘለቀ ማጉያውን ከትከሻዬ አወረዱና ሽንኩርት ከዘረጉ አንዲት አሮጊት ፊት ቁጢጥ አሉ።

«እማማ፣ የክትባቱን ነገር ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ እንጂ።»

«ከማን?»

«ከምራቴ።»

«ምራትዎስ ከማን ሰማች?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! ሩዝ ልታስፈለፍል ሄዳ ከመፈልፈያ ቤቱ ሳትሰማ አትቀርም። ምነው ልጄ፣ ወንጀል አለው እንዴ?»

ጋሽ ዘለቀ ሳቁ፣ ሽንኩርት ገዙ፣ ተነሡ። ከዚያ መፈልፈያ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ መፈልፈያው ቤት ያወራችውን ሴት ፍለጋ። እንዲህ እንዲህ እያልን የወሬውን ጫፍ እስክንይዝ ዋልን። እግሬ ተላጠ። ማታ ቢሮ ስንመለስ ካርቶኑን አወጡና ለአሮጊቷ አንድ ነጥብ፣ ለምራቷ አንድ ነጥብ፣ ለመፈልፈያ ቤቱ ወፈር ያለ ነጥብ አድርገው በመስመር አያያዟቸው።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ የተላክነው ሕዝብ ልናስተምር ነው» አልኋቸው። ሃያ ዓመት ያልደፈነ ድፍረት!

«እኔ ሕዝብ የሚባል ሰው አላውቅም» አሉኝ። «የማውቀው እማማን ነው፣ ምራታቸውን ነው፣ መፈልፈያ ቤቱን ነው። አንቺ ሕዝብን ካገኘሽው አስተዋውቂኝ።»

ጠባያቸው ይኸው ነበር። አስተምረው አይቀሩም፤ በሦስተኛው ቀን በዚያው መንገድ ተመልሰው «ምን ሰማችሁ? ከማን ሰማችሁ?» ይላሉ። የተናገሩት ነገር ሌላ መልክ ይዞ ካገኙት የት ላይ እንደጠመመ ሳያውቁ አይተኙም። በሪፖርታቸው ላይ «ኅብረተሰቡ ተገንዝቧል» የሚል ቃል ጽፈው አያውቁም። አለቆች ይቆጧቸዋል፤ እሳቸው መሬቱን በጃንጥላ ይቆረቁራሉ። እድገት ሳያገኙ ጡረታ ወጡ። ሲሄዱ ካርቶኑን ሰጡኝ። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ጠቅልዬ ከቢሮው ቁም ሣጥን ጀርባ ወተፍሁት። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር ገብቶልን ነበር፤ የካርቶን ዘመን ያለፈ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አለቃ አለፈብኝ። አንዱ መልካም ነበር፣ አንዱ እንቅልፋም ነበር፣ አንዱ ደግሞ ፌስቡክን አመጣልን። መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ቢሮ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ስለጥፍ በደቂቃ ውስጥ ላይኩ ይጎርፋል፣ ሼሩ ይጎርፋል። ደመወዙ ያው ነው፤ ስሜ ግን ገነነ። አለቃችን ደንብ አወጣ፦ እያንዳንዱ ሠራተኛ ገጻችን ላይ የወጣውን ሁሉ ሼር ያደርጋል፣ ማድረጉንም ከስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ግሩፓችን ይልካል። ያላደረገ በስብሰባ ይገመገማል። ሾፌራችን ሼር ያደርጋል፣ የጥበቃ ሠራተኛው ሼር ያደርጋል፣ ፌስቡክ ምን እንደሆነ የማታውቀው የጽዳት ሠራተኛችን እንኳን በልጇ ስልክ ሼር ታደርግ ነበር። እኔ ድምሩን ለበላይ እልካለሁ፤ የበላይም «በርቱ» ይላል።

አሁን ወደማልወደው ክረምት ልምጣ። ብዘለው ደስ ባለኝ፤ ግን ያለሱ ይህ ጽሑፍ ዋጋ የለውም።

ነሐሴ ነበር። የርብ ወንዝ ከአፉ ወጥቶ ሜዳውን አጥለቅልቆታል። ፎገራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ በየጉብታው ላይ ይቀራል፣ መንገዱ ታንኳ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው፣ ሰዉ በውኃ ተከቦ የሚጠጣው ንጹሕ ውኃ ያጣል፤ ጉድጓዱን ጎርፉ ይሞላዋል። ከላይ በኩል የተቅማጥና የትውከት በሽታ መታየቱን ሰማን። ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ «ጉዳዩ» ተብሎ ይጀምራል፣ ማኅተም አለበት፣ «ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ» ይላል። ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ ገጹ ላይ የለጠፍሁት እኔ ነኝ። በዚህች እጄ። ሼሩ ጎረፈ። «ግሩም መረጃ!»፣ «በርቱልን!» የሚል አስተያየት ተደረደረ። ሻይዬን ጠጥቼ ቤቴ ገባሁ።

በዘጠነኛው ቀን ከቀትር በፊት መርዶ መጣ። ከርብ ማዶ ካለች ጎጥ (ስሟን አልጠራም፣ ማዶ ልበላት) አቶ ደሴ የሚባሉ ገበሬ በዚያው በሽታ ሞቱ፤ ሌሎችም ታመዋል። መድኃኒት ጭነን በጀልባ ሄድን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። የታመሙትን ግሉኮስ ተክለን፣ ውኃውን አክመን፣ ሦስት ቀን ዋልን አደርን፤ የታመሙት ዳኑ። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ገባሁ። የሟች ሚስት እትዬ የሻረግ አመድ መስለው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የሟች ወንድም መሐል ቆሞ ለለቀስተኛው ስልኩን ያሳያል። የኔ ልጥፍ ነው። ከነማኅተሙ።

«መንግሥትስ ተናግሮ ነበር» ይላል። ከተማ ነው የሚኖረው፤ ልጥፉን ያየው ከቀብሩ በኋላ ፈልጎ ነው። «ውኃ ተጠንቀቁ ብሎ ነበር። ቤት ውስጥ የሚሰማ ጠፍቶ ነው እንጂ ወንድሜ አይሞትም ነበር።»

ማንን እንደወጋ ሁሉም ገብቶታል። ውኃውን ቀድተው ለባላቸው የሰጡት እትዬ የሻረግ ናቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው እኔን አዩኝ።

«ሲስተር፣ ውኃው በሽታ እንዳለው ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«ለማን ነገራችሁ?»

አፌ ከእጄ ይፈጥናል ያልሁት እኔ ቃል አጣሁ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ «ፌስቡክ ላይ ለጥፈናል» ይባላል? ዝምታዬ ደግሞ የወንድምየውን ነገር ያጸደቀ መሰለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ የሻረግ በማዶ «ተነግሯት ያልሰማች ሴት» ሆኑ። ገበያ ላይ ሳገኛቸው ከላይ እስከ ታች ከል ለብሰው አንገታቸውን ደፍተው ያልፉኛል። የበላዮቻችንም በሪፖርታቸው «መልእክቱ ተላልፏል፣ ቸልተኝነት ታይቷል» ብለው ዘጉት። እኔን ግን አልዘጋልሽ አለኝ። ማስጠንቀቂያው ደርሷቸው ነበር ወይስ አልደረሳቸውም? ይህን ሳላውቅ ጡረታ ብወጣ በምን አፌ አርፋለሁ?

በዓመቱ ሰላማዊት መጣች። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ተመራማሪ ናት፤ ትንሽ፣ መነጽራም፣ ሰውን ሳታስፈራ የምትጠይቅ። የመንግሥት የጤና ገጾች በማኅበራዊ ሚዲያ እንዴት እንደሚነጋገሩ አጠናለሁ አለችን። «የትስስር ትንተና ይባላል» አለችኝ። አይ፣ ሌላ ስብሰባ መጣብን ብዬ ነበር።

«ምን ልታደርጊበት ነው?» አልኋት።

«ማን የማንን ልጥፍ እንዳጋራ እለቅማለሁ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ነጥብ ይሆናል። አንዱ ከሌላው ወስዶ ካጋራ በሁለቱ መሐል መስመር ይሰመራል። ብዙ መስመር የሚገባበትና የሚወጣበት ነጥብ ይወፍራል።»

«እስኪ ድገሚልኝ?»

ደገመችልኝ። ብድግ ብዬ ቁም ሣጥኑን ጎትቼ፣ አቧራውን አራግፌ፣ ካርቶኑን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁላት። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። «ሲስተር፣ ይህን ማን ነው የሠራው?» አለች። አንዳንድ ቀን ሰው ሲወለድ ያህል ደስ ይላል፤ ያ ቀን እንደዚያ ነበር።

አብረን ሠራን። እሷ ኮምፒዩተሩን ታውቃለች፣ እኔ ሰዎቹን አውቃለሁ። ስሙ ብቻ የሚታየውን ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚውል፣ ሥራው ምን እንደሆነ እነግራታለሁ። የበሬ ፎቶ ያደረገው የክትባት መጋዘን ኃላፊያችን ነው፤ በአበባ የተሸፈነችው የእኔው የእኅቴ ልጅ ናት። ኮምፒዩተሩ የተሳሰሩትን ወደ መሐል ይስባል፣ ያልተሳሰሩትን ወደ ዳር ይገፋል። የዚያን የነሐሴ ልጥፍ ብቻ ነጥለሽ አውጪልኝ አልኋት። አወጣችልኝ። ወረቀቱ መሐል ላይ የጠበቀ፣ ጥቁር፣ ክብ ነገር ወጣ። የጥጥ ልቃቂት ነው የሚመስለው።

«እርስዎ እዚህ ነዎት» አለችኝ፤ መሐሉ ላይ ያለውን ወፍራም ነጥብ እያሳየች። ለአንድ አፍታ ኮራሁ፤ ማን ይዋሻል! ከዚያ «አሁን ከልቃቂቱ ወደ ውጭ የሚወጣ ክር ይፈልጉልኝ» አለች።

ፈለግሁ። ሾፌሩ ከእኔ ወሰደ፣ ጥበቃው ከሾፌሩ፣ ጽዳቷ ከጥበቃው፣ አጎራባች ቢሮው ከአለቃችን፣ አለቃችን መልሶ ከአጎራባች ቢሮው። ዞሮ ዞሮ እኛው ነን። ለቀባሪው አረዱት! ያ ሁሉ ሼር፣ ያ ሁሉ «በርቱ»፣ በሽታውን ቀድመን ያወቅነው ሰዎች እርስ በርሳችን መርዶ ስንነጋገር ነበር። ከወረቀቱ ዳር ድረስ በጣቴ ሄድሁ። ወደ ሜዳው፣ ወደ ርብ ማዶ የሄደ አንድም መስመር የለም። ተነሥቼ በረንዳ ላይ ወጣሁና አለቀስሁ። ሰላማዊት ተከትላ ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዘን ይፋግ፣ ጋሽ ዘለቀ ዘንድ ሄድን። ዓይናቸው ደክሟል፤ ወረቀቱን መስኮት ላይ አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «የጽዋ ማኅበራችሁ ነው?»

«ጋሼ፣ አይቀልዱብኝ። የደሴ ነገር ነው።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። የእትዬ የሻረግንም። ጃንጥላቸው ከበሩ ጥግ ቆማለች፤ እጃቸውን ሰደው ያዟት።

«ማስጠንቀቂያው በዘጠኝ ቀን ማዶ አልደረሰም። የደሴ መርዶ ከማዶ ወረታ የደረሰው በስንት ሰዓት ነው?»

«ሌሊት ሞቱ፤ ከቀትር በፊት ሰማን።»

«በዚያ ጎርፍ?»

«በዚያ ጎርፍ።»

«በማን?»

አላውቅም። አልጠየቅሁም። ጋሽ ዘለቀ መሬቱን አንድ ጊዜ ቆረቆሩ። «ይህን ሁሉ ዓመት ከማን ሰማህ በይ እያልሁ አስተማርሁሽ፣ የሰማሽውን ከማን ሰማሁ አላልሽም? እኛ እኮ ለሞት መንገድ አለን፣ ልጄ። ጎርፍ የማያቋርጠው መንገድ። ሂጂ፣ እሱን ፈልጊው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ።»

ፈለግነው። እኔና ሰላማዊት ከቢሯችን የጥበቃ ሠራተኛ ጀምረን የደሴን መርዶ ወደ ኋላ ተከተልነው። ጥበቃው ከመፈልፈያ ቤቱ ሰማ፣ መፈልፈያ ቤቱ ከታንኳ ቀዛፊው፣ ቀዛፊው ከማዶ መርዶ ነጋሪ ከአቶ ጫኔ። አቶ ጫኔ በየጎጡ እንደሳቸው ያለ አንድ አንድ ሰው እንዳለ፣ ሰው ሲሞት አንዱ ለአንዱ ከጉብታ ጉብታ እየተጣራ እንደሚያቀብል አስረዱን። ስልክ የሚይዝበት ቦታ በስልክ፣ የማይይዝበት በጉሮሮ። የማይደርሱበት ቤት የለም፤ ለቀብር ያልተጠራ ዘመድ ዕድሜ ልኩን ስለሚቀየም አንድም ቤት አይዘሉም። ሁሉንም በካርቶኑ በስተጀርባ ላይ አሰፈርሁት።

ከዚያ ሁለቱንም፣ ልቃቂቱንና ካርቶኑን፣ ይዤ እትዬ የሻረግ ቤት ሄድሁ። የሟች ወንድም እንዲገኝ አስጠራሁ። ወረቀቱን መደቡ ላይ ዘረጋሁ።

«ይህ የዚያ የነሐሴው ደብዳቤ የሄደበት መንገድ ነው» አልሁት ወንድምየውን። «እያንዳንዱ ነጥብ ሰው ነው። ይቺን መስመር ተከተላትና የት እንደምትደርስ ንገረኝ።»

በጣቱ ተከተላት። «ወረታ» አለ።

«ይቺንስ?»

«ወረታ።»

«ይቺንስ?»

ጣቱን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። ወደ እትዬ የሻረግ ዞርሁ። «እትዬ፣ ለማን ነገራችሁ ብለውኝ ነበር። ለራሳችን ነው የተናገርነው። እርስዎ አልሰሙም አይደለም፤ የነገረዎት የለም። ጥፋቱ የኔና የመሥሪያ ቤቴ ነው። ያን ቀን ለቅሶ ቤት ውስጥ ይህን ማለት ነበረብኝ፤ ሳልል ቀረሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ወረቀቱን አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ያን ልቃቂት አገላብጠው አዩት፣ ባዶውን ዳር በመዳፋቸው ዳበሱት። «እንግዲያ አልሰማሁም ማለት ነው» አሉ፤ «ሰምቼ ረስቼው ይሆን እያልሁ ስንት ቀን ራሴን ስመረምር።» ከዚያ የመጣው ልቅሶ የባላቸው ልቅሶ አይደለም፤ የራሳቸው ነው። ወንድምየው ተነሥቶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። «ይቅር በይኝ፣ እታለም» አለ። እኔም አለቀስሁ፣ ሰላማዊትም አለቀሰች። ምን ታድርግ፣ ከማን ጋር እንደዋለች ታውቃላችሁ።

ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነበር። በቀጣዩ ክረምት መግቢያ ማስጠንቀቂያውን በመርዶ መንገድ እንላክ አልሁ። አለቃችን «በመርዶ?» ብሎ ዓይኑን አፈጠጠ። «ለሙከራ ነው» አልሁት። በትምህርት ቤት የተማርሁት ትልቁ ቃል ነው፤ ብዙ በር ይከፍታል።

ላክን። ጉድ ፈላ! አቶ ጫኔ በማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመጀመሪያው ደጃፍ ሲቆሙ፣ እሳቸው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ የቤቱ እመቤት ራሷን ይዛ ጮኸች። ጎረቤት እሷን ሰምቶ ጮኸ። ማን እንደሞተ ሳይታወቅ ጎጡ ሁሉ ደረት እየመታ ወጣ። አንዲት እናት ክፍለ ሀገር ያለ ልጇን ስም እየጠራች መሬት ላይ ተንከባለለች። «ኧረ ማንም አልሞተ፣ ውኃ አፍሉ ነው ያልሁት!» ቢሉ ማን ይስማቸው። ለእኔ በስልክ ደውለው የተናገሩትን መቼም አልረሳውም፦ «ሲስተር፣ እኔ ከደጃፍ ስቆም ሰው ቃሌን አይሰማም፤ እኔን አይቶ ያለቅሳል። ዳግመኛ በሬሳ ካልሆነ አትላኪኝ።» እኔ በዚህ አገር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ መርዶ ነጋሪ ደጃፍ ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን መርሳቴ! ጋሽ ዘለቀ ሲሰሙ በሳቅ ታመሙ አሉ።

መላውን ያመጡት እትዬ የሻረግ ናቸው። ከላቸውን አውልቀው፣ ነጭ ለብሰው ቢሯችን ድረስ መጡ። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም።

«መንገዱን አትልቀቂው» አሉኝ። «አመጣጡን ለውጪው። የሚመጣው ሰው ደጃፍ አይቁም። ከሩቅ፣ ገና አጥሩ ሳይደርስ፣ ሰው ደህና! ከብት ደህና! እያለ ይምጣ። ልብ ከረጋ በኋላ ጆሮ ይሰማል። ደግሞ ጫኔን ተዪው፤ እሱን ያየ ሁሉ ዘመዱን ያስባል። እኔ እሄዳለሁ።»

«እርስዎ?»

«ምነው? ያልተነገረው ሰው ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ?»

እንዲህ ሆነ። ደብዳቤ ፎቶ ማንሳቱ ቀረ። ማስጠንቀቂያውን በአጭር ድምፅ እቀዳለሁ፤ ጽፌ ለእትዬ የሻረግ አስቀድሜ አነባለሁ። «አስፈላጊውን ጥንቃቄ» ስል «እሱ ምንድን ነው?» ይሉኛል፤ አጠፋዋለሁ። «ውኃ አፍሉ፤ አቀዝቅዛችሁ ጠጡ፤ የታመመ ሰው ካለ ሳታሳድሩ አምጡት» ብቻ ይቀራል። ድምፁ ገጹ ላይም ይወጣል፣ በቴሌግራም ለመፈልፈያ ቤቱና ለቀዛፊው ስልክም ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ በጉሮሮ። በየጎጡ አንድ ሰው አገኘን፤ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። አለቃችን «ሼሩ ቀነሰ» ብሎ ትንሽ አኮረፈኝ። ሰላማዊት ግን በየጎጡ «ከማን ሰማችሁ?» እያልን የለቀምነውን ጨምራ አዲስ ወረቀት አውጥታ አመጣችልኝ፤ ልቃቂቱ ላልቷል፣ ከጎኑ ቀጫጭን ክሮች ወጥተው ወደ ሜዳው ሄደዋል፣ አንዷም ርብን ተሻግራለች። ለጋሽ ዘለቀ ወስደን አሳየናቸው። ጃንጥላቸውን ቤት ውስጥ ዘረጉልኝ፤ ቤት ውስጥ! በሥራ ዘመኔ ያገኘሁት ሽልማት እሱ ነው። በዚያ ክረምት ከማዶ መርዶ አልመጣም።

ይኸው ነው። ቀጥሎ ያስረከብሁትን አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። ጋሽ ዘለቀም በጥር አረፉ፤ መርዷቸው እንደ ወጉ አንድም ቤት ሳይዘል ደረሰ።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ሆነ። ዝናቡ አባርቶ ጠዋት በረንዳ ላይ ሩዝ እለቅማለሁ። አሁን ማንም የሚደውልልኝ የለም፤ ግሩፑም አውጥቶኛል፤ ገጹን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። በድንገት ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ሰማሁ።

«ሰው ደህና! ከብት ደህና!»

ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ። ወተት የምታመጣልኝ አለምነሽ ናት፤ ጆጓን እንደያዘች ወደ በሩ መጣች።

«ሲስተር፣ በሽታው በታች በኩል ታይቷል። ውኃ ሳያፈሉ እንዳይጠጡ።»

እኔን! ለእኔ! ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም። አፌ ግን የለመደውን አልረሳም።

«ከማን ሰማሽ?»

«ከመፈልፈያ ቤት።»

«መፈልፈያ ቤቱስ?»

«ከቀዛፊው።»

«እሱስ?»

«ከእትዬ የሻረግ ነዋ! ሌላ ማን አለ?» አለችና ጆጓን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። «ሳትጠይቂ እንዳትመለሺ የተባልሁት ነገር አለ ደግሞ። እርስዎስ ለማን ይነግራሉ?»

ለማን ነገራችሁ ተብዬ ቃል ያጣሁበት ለቅሶ ቤት ትዝ አለኝ። ሩዙን እንደተበተነ ተውሁት። ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ አስተካክዬ በሩን ከፍቼ ወጣሁና፣ ገና ወደ ጎረቤቴ አጥር ሳልደርስ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተጣራሁ።

«ሰው ደህና! ከብት ደህና!»